«ዝዋይ ርካሽ ናት» ለሚሉን

ለእርሻ ሱፐርቫይዘርነት የተወዳደረ ወጣት የተቆረጠለትን ደመወዝ ሰምቶ ዝም ካለ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚመጣው ማጽናኛ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ እኮ አይደለም፤ እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው።» ይህን የሚለው ቀጣሪው ብቻ ቢሆን አይገርምም፤ ጥቅሙ ነው። የሚገርመው ታላቅ ወንድሙም፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውም፣ ውሎ አድሮ እሱ ራሱም ይህንኑ ማለቱ ነው። «ዝዋይ 13 ሺህ ማለት አዲስ አበባ 20 ሺህ ማለት ነው» የሚለው ስሌት ካፍ ወደ አፍ ሲዞር ከርሞ እንደ ሕግ ተቆጥሯል። የከተሞችን የኑሮ ውድነት የሚያወዳድሩ ሰንጠረዦች ስልካችን ላይ ከመጡ ወዲህ ደግሞ የሳይንስ ካባ ደርቧል። ደመወዙን ለከተማው የውድነት ቁጥር አካፍል፤ ያገኘኸው «እውነተኛ ደመወዝህ» ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጉረምረም የለም።

እኔ ማጉረምረም አለ እላለሁ። ስሌቱ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም አንድ ጊዜ ወደ ሠራተኛው፣ ሌላ ጊዜ ወደ አሠሪው የሚያጋድል ተራ ስሕተት አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚያጋድለው ደመወዝ ወደሚከፍለው ወገን ነው።

ተቃራኒውን ወገን ግን በደካማ ቃሉ አልይዘውም። የሚሉት ነገር አላቸው። ብር አይበላም፤ የሚበላው ብር የሚገዛው ነው። አዲስ አበባ አንድ ጠባብ ክፍል የሚያስከራይ ገንዘብ ዝዋይ ወይም ሆለታ ሰፋ ያለ ቤት ያስከራያል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከዝዋይ ማሳ ተጭኖ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው፤ ምንጩ ላይ የሚኖር ሰው የጫኙን፣ የደላላውንና የነዳጁን ድርሻ አይከፍልም። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ የለም፤ የድርጅቱ ሰርቪስ አለ። ብዙ እርሻ ምሳ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ማደሪያም ጭምር። አሠሪዎቹም መከራከሪያ አላቸው። የአበባ ትርፍ ቀጭን ነው፤ ማዳበሪያው፣ ኬሚካሉ፣ የግሪን ሀውሱ ፕላስቲክ፣ የአውሮፕላን ጭነቱ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነው፤ በእጃቸው ያለው ወጪ የሰው ጉልበት ብቻ ነው። በየገጠሩ የአዲስ አበባን ደመወዝ ክፈሉ ቢባሉ እርሻው ይዘጋል፣ ወይም ባለሀብቱ ጓዙን ጠቅልሎ ኬንያ ይገባል። ክርክሩ በጠንካራ መልኩ ይህ ነው። የምመልሰውም ለዚህ ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። የሚወዳደሩት ሁለቱ ሥራዎች አንድ ናቸው ወይ? ፒያሳ ላይ ጽጌረዳ የሚያለማ የለም። የአበባ እርሻዎቻችን ያሉት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በመናገሻ፣ በሱሉልታ፣ በቢሾፍቱ፣ በቆቃ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ዙሪያ ነው። በሰንጠረዥ ላይ «አዲስ አበባ፣ የእርሻ ሱፐርቫይዘር» ተብሎ የሚገባው ሰው ታዲያ ማን ነው? ወይ ከተማ እያደረ ሆለታ የሚመላለስ ነው፤ ወይ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከእርሻ የሚመጣ ሪፖርት የሚያጠናቅር ነው። የመጀመሪያው ሥራው ሆለታ ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ወረቀት ነው። የሁለቱን ደመወዝ አማካይ ወስዶ «የአዲስ አበባው ይህን ያህል ያገኛል፣ የዝዋዩ ግን በኑሮ ርካሽነት ይበልጠዋል» ማለት ምን ከምን ጋር ማወዳደር ነው?

የዝዋዩ ሱፐርቫይዘር የሚሠራውን ከቅርብ እንየው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ዝዋይ 1,640 አካባቢ። በደጋው ብርድ ጽጌረዳ ቀስ ብላ ታድጋለች፤ እምቡጧ ይተልቃል፣ ዘንጓ ይወፍራል፣ ብዛቷ ግን ያንሳል። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ቶሎ ትደርሳለች፤ ዘንጉ ይበዛል፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ የዝዋዩ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግሪን ሀውሱ በር ላይ ቆሞ ቆራጮቹን ይቆጥራል። አንዷ ልጇ ታሞባት ቀርታለች፤ ሌላዋ ትናንት ከደረሳት መደብ ግማሹን ሳትጨርስ ወጥታለች። እምቡጡ አንድ ቀን ዘግይቶ ከተቆረጠ መንገድ ላይ ይፈነዳል፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ገዢው ቤት ሳይከፈት አንገቱን ይደፋል። ባልዲው ፀሐይ ላይ ከዘገየና ኮልድ ሩም ቶሎ ካልገባ፣ ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ሆላንድ ጨረታ ላይ ነው፤ ተጠያቂው ግን ዝዋይ ያለው እሱ ነው። ትናንት ርጭት የተካሄደበት ቤት ዛሬ ሰው ይግባበት አይግባበት የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው፤ ከተሳሳተ የሚታመመው ሰው ነው። ይህን ሁሉ «ሱፐርቫይዘር» በሚል አንድ መስመር ጨፍልቆ በከተማ ስም ማካፈል ሒሳብ አይባልም። በስንት ሄክታር ላይ ነው? ስንት ሰው ይመራል? በምን ዓይነት አየር? እነዚህ ሳይጠየቁ ስለ ደመወዝ ንጽጽር የሚያወራ ሰው የሚያወዳድረው መታወቂያ ካርዶችን ነው።

እሺ፣ ሥራው አንድ ነው እንበል። «ርካሽ» የተባለው ምኑ ነው? ኑምቤዮን የመሰሉ የዓለም ከተሞች ሰንጠረዦች ኒውዮርክን 100 ብለው ይነሡና ሌላውን በእሷ ይለካሉ። ቅርጫታቸው ውስጥ ካፑቺኖ አለ፣ የሲኒማ ትኬት አለ፣ የጂም ወርሃዊ ክፍያ አለ። ዋጋውን የሚያስገቡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ በወር ስንት ካፑቺኖ ይጠጣል? ከግቢው የጋራ ቧንቧ ተሰልፎ ውሃ የሚቀዳ ሰው የጂም ዋጋ በግማሽ ቢቀንስለት ምን ያተርፋል?

የአገራችንን ቅርጫት እንያዝ። በእኛ የዋጋ መለኪያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። ከዚህ ውስጥ ዝዋይ ላይ በእርግጥ የሚረክሰው ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጎመኑና ዓሣው ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ፓስታው፣ የሕፃን ወተቱና መድኃኒቱ ግን በተቃራኒው መንገድ ነው የሚጓዙት፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያ። የጭነቱ ሒሳብ ለሽንኩርት ሲሆን ይጠራል፣ ለዘይት ሲሆን ይረሳል። ለምን? ሽንኩርት ብቻ በልቶ የሚያድር ቤተሰብ አለ እንዴ?

የቤት ኪራዩን በተመለከተ ልዩነት መኖሩን አልክድም። ይሁን እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የጎረፉባት የእርሻ ከተማ የገጠር ቀበሌ አይደለችም። አከራዩ የደመወዝ ቀኑን ከሠራተኛው እኩል ያውቃል፤ ደመወዝ ተጨመረ የሚል ወሬ ሲሰማ ኪራይ ይጨምራል። ሕጉም እኩል አይጠብቅም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በቀጥታ የሚመለከተው አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። የአዲስ አበባው ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል መጠየቅ የሚያስችለው አዋጅ ይዟል። «ርካሽ» በተባለችው ከተማ ያለው ተከራይ በአብዛኛው የያዘው የአከራዩን በጎ ፈቃድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በየትኛውም ቅርጫት የማይገባው ወጪ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ለዓመታት ጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸው እንደተጎዳ በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቦ ያለ ነገር ነው። ልጁ ጥርሱ እንዳይበልዝ የታሸገ ውሃ የሚገዛ አባት ያንን ወጪ የት ይመዝግበው? ወባስ? የሑመራና የመተማ ሰሊጥ እርሻ ካቦ ከወባው በተጨማሪ ካላ አዛር ያሰጋዋል፤ በሽታው ያንን ቆላ የሙጥኝ ብሎ የኖረ ነው። ነገሩ ጠንከር ሲል ስፔሻሊስት ሐኪም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ከዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል። የመኪና አለ፣ የማደሪያ አለ፣ አስታማሚ ይዞ መሄድ አለ፣ የቀረበት የሥራ ቀን አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከተማዋ ርካሽ ናት?

ይህን መንግሥት ራሱ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ቆላ የሚመደብ የመንግሥት ሠራተኛ የበረሃ አበል ይታሰብለታል። ማለትም ቦታው አስቸጋሪ በመሆኑ ይጨመርለታል እንጂ ሽንኩርት ስለረከሰ አይቀነስበትም። አንድ መምህርና አንድ የእርሻ ሱፐርቫይዘር በአንድ ሞቃት ከተማ በአንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ፣ ለአንዱ ቦታው የጭማሪ ምክንያት፣ ለሌላው የቅናሽ ምክንያት የሚሆነው በምን ስሌት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልግባ፤ ከላይ ያለው ሁሉ ቢቀርና ከተማዋ በእርግጥ ርካሽ ብትሆን እንኳ ስሌቱ አይሠራም። ለማስረዳት ያህል ክብ ቁጥሮች ልውሰድ። የአዲስ አበባው ሰው ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በወር 14,000 ብር እጁ ይገባል እንበል፤ የዝዋዩ በ30 በመቶ አንሶ 9,800። ዝዋይ በ30 በመቶ ትረክሳለችና ሰንጠረዡ «እኩል ናችሁ» ይላቸዋል። የመጀመሪያው ለኑሮ 11,000 ያወጣል፤ ሁለተኛው ያንኑ ኑሮ በ7,700 ይኖራል። በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያው 3,000 ብር ይተርፈዋል፤ ሁለተኛው 2,100። በዓመት 36,000 እና 25,200።

እኩል ናቸው? የተረፈው ብር እኮ ዝዋይ ላይ አይወጣም። ሲሚንቶ ይገዛበታል፤ ቆርቆሮ ይገዛበታል፤ እናት ቤት ይላካል፤ ለታናሽ እህት የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል፤ የሁለተኛ ዲግሪ መመዝገቢያ ይሆናል። ሲሚንቶ ሻጩ «አንተ ከርካሽ ከተማ ነው የመጣኸው» ብሎ 30 በመቶ አይቀንስለትም። ርካሽነቱ የሚሠራው እዚያው ለሚበላው ብር ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ደመወዙን በሙሉ፣ የሚተርፈውንም ጨምሮ፣ እዚያው እንደተበላ አድርጎ ይቆጥራል። ይህም ሁሉ የዋጋ ግምቱ ልክ ከሆነ ነው። የዝዋይ ኑሮ የሚረክሰው በ30 ሳይሆን በ20 በመቶ ቢሆንስ? ወጪው 8,800 ይሆናል፤ ትራፊው 1,000። በዓመት 12,000 ብር፤ የአዲስ አበባው ሰው ከሚያስቀምጠው አንድ ሦስተኛ። በግምቱ ላይ የተፈጠረች የ10 ነጥብ መዛነፍ የአንድን ሰው የወደፊት ሕይወት ከግማሽ በላይ ትቀንሳለች። የደመወዝ ቁርጥ የሚተማመነው በእንዲህ ዓይነት ግምት ነው።

ጉዳቱም ከወሩ አያልፍም ያለ ማን ነው? የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ሲጦርም አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዙ ነው። ያ ሰው ጡረታውን የግድ ዝዋይ ይበላል? የስንብት ክፍያው የሚታሰበው በደመወዙ ነው። የዓመት ፈቃዱ፣ የትርፍ ሰዓቱ፣ የባንክ ብድሩም እንዲሁ። ነገ ሥራ ሊቀይር ሲሄድ አዲሱ ቀጣሪ የሚጠይቀው «አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ብሎ ነው፤ «እዚያ ሽንኩርት ስንት ነው?» አይለውም። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ 2,000 ብርን ከግብር ነጻ አድርጎ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ሲጥል የትም ከተማ አንድ ነው። ገቢዎች 13 ሺህን 13 ሺህ ብሎ ያውቀዋል፤ ባንክም፣ ጡረታም እንደዚያው። 13 ሺህ 20 ሺህ ነው የሚለው በአገሩ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፋዩ።

«ሰርቪስና ምሳስ? ማደሪያስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ዋጋ አላቸው። ነገር ግን ለማን ነው የሚሰጡት? ግሪን ሀውሱ ከከተማ ውጭ ስለሆነ ያለ ሰርቪስ ሠራተኛው በሰዓቱ አይደርስም፤ ሰርቪሱ እንደ መቀስና እንደ ባልዲ የሥራ ዕቃ ነው። ማደሪያው ደግሞ እርሻው ግቢ ውስጥ ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ ሌሊትም ሠራተኛ ነው። ፓምፕ ሲቆም፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲያስቸግር፣ ኮልድ ሩም ሲሞቅ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። ደግሞም የድርጅት ቤት ከሥራ ውሉ ጋር አብሮ ያበቃል። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ወንጂን ካቆመ ጀምሮ የስኳር እርሻዎቻችን ካምፕ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ይዘው ኖረዋል፤ ብዙ ሰው ወልዶ ከብዶባቸዋል። ግን ዕድሜ ልኩን በካምፕ ቤት የኖረ ሰው ሲሰናበት የሚወጣው ቤት ሳይኖረው ነው። «ኪራይ አትከፍልም» ተብሎ የተቀነሰበት ብር የራሱ ጣሪያ መሥሪያ ነበር።

ሰዓቱንም አንርሳ። ደመወዝ በወር ይወዳደራል፤ ሥራ ግን በሰዓት ነው የሚሠራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ በሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል ይከፈላል። አዋጁ ግን የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበትና ሠራተኛ መመደብ የመሳሰለ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከጥበቃው ውጭ ነው። ሱፐርቫይዘሩ የቆመው በዚህ ድንበር ላይ ነው። ለደመወዝ ሲሆን «አንተ ሠራተኛ ነህ» ይባላል፤ ለትርፍ ሰዓት ሲሆን «አንተ እኮ አለቃ ነህ»። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እርሻው ቀንና ሌሊት የለውም። የከተማው የቢሮ ሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ የእርሻው ሰው ሳጥን ያስጭናል። እሑድም ተክል ውሃ ይጠማዋል። እንግዲህ በኑሮ ውድነት ከማካፈላችሁ በፊት በሰዓት አካፍሉና አሳዩን። «እኩል» የተባለው ደመወዝ ያኔ ምን እንደሚመስል ለማየት ሰንጠረዥ አያስፈልግም።

«አንችልም፣ ትርፉ ቀጭን ነው» የሚለው ቀርቷል። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ግን በአንድ ሱቅ ሁለት ሚዛን ይዟል። ዝዋይ የበቀለች ጽጌረዳ «ከርካሽ ከተማ የመጣች ናት» ተብላ ሆላንድ ላይ አትረክስም፤ በዩሮ ትሸጣለች። ማዳበሪያውም፣ ኬሚካሉም፣ የአውሮፕላኑ ኪሎም በዝዋይ ዋጋ አይታሰብም። ከገቢም ከወጪም ሁሉ በሰፈር ሚዛን የሚመዘን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአገሬው ሰው ደመወዝ። ከውጭ የሚመጣው የእርሻ ሥራ አስኪያጅ እኮ በተለምዶ ከከተማ ርቆ በመሥራቱ ይጨመርለታል። አንዲቱ ዝዋይ ለፈረንጁ «አስቸጋሪ ቦታ»፣ ለሐበሻው «ርካሽ ቦታ» ናት። ሁለቱም ግን የሚውሉት በአንድ ግሪን ሀውስ ሙቀት ውስጥ ነው!

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። በዩሮና በዶላር ሸጦ በብር ደመወዝ ለሚከፍል ድርጅት የአንድ ሱፐርቫይዘር ወርሃዊ ዋጋ በምንዛሪ ሲታሰብ ወደ ግማሽ ወረደለት። የገቡ ዕቃዎች ተወድደዋል ይባል ይሆናል፤ ልክ ነው። ዘይትና መድኃኒቱ ለሱፐርቫይዘሩም የተወደደው በዚያው ምክንያት ነው። ልዩነቱ ድርጅቱ የሚሸጠውም በዶላር መሆኑ ነው፤ እሱ የሚሸጠው ጉልበቱና ዕውቀቱ ግን በብር ነው። ያኔ «የከተማውን የኑሮ ውድነት እናስተካክልልህ» ያለው ማን ነበር? የኑሮ ሰንጠረዡ ደመወዝ ለመቀነስ ሲሆን ቶሎ ይወጣል፤ ለመጨመር ሲሆን ግን ከመሳቢያ አይወጣም።

ኬንያስ? በጥሩ ጊዜ ተነሳች። ኬንያ ለጠቅላላው ሠራተኛ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ስታወጣ ናይሮቢን፣ ሞምባሳንና ኪሱሙን የመሰሉ ትልልቅ ከተሞችን ከሌሎቹ ለይታ በአካባቢ ትከፋፍላለች። ለግብርናው ግን የተለየ ድንጋጌ አላት። በእሱ ውስጥ ክፍፍሉ በከተማ አይደለም፤ በሥራ ነው። ተራ ሠራተኛ፣ እረኛና ጥበቃ፣ የእርሻ ፎርማን፣ የእርሻ ጸሐፊ፣ የትራክተር ሹፌር እየተባለ ለየሥራው ወለሉ ይቀመጣል። ከተማን በዋጋ መለየት የምታውቅ አገር እርሻ ላይ ስትደርስ ሥራውን እንጂ ቦታውን አልለካችም፤ በአበባ ላኪነት ከአፍሪካ ቀዳሚዋም እሷው ናት። እኛ ከእሷ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። ባለሀብቱ ወደ እሱ ይሸሻል በተባለው አገር እንኳ የፎርማን ደመወዝ የሚነሣው ከፎርማንነቱ ነው። የእኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ለግሉ ዘርፍ ወለል ሳይቀመጥ ዓመታት አልፈዋል። ወለል በሌለበት አገር «የከተማ ማስተካከያ» ማለት ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ማስተካከያ ነው።

ከተሞች በዋጋ አይለያዩም አላልኩም፤ ይለያያሉ። የዋጋ ልዩነት ደመወዝ ማውጫ መነሻ መሆን የለበትም ነው የምለው። መነሻው ሥራው ነው፤ ስንት ሄክታር፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ተጠያቂነት። ያ በሁሉም ከተማ አንድ ወለል ይኑረው። ከዚያ በኋላ ቦታው ከተነሣ ወደ ላይ ይነሣ፤ ኪራይ ለናረበት የኪራይ፣ ሙቀትና ወባ ላለበት የበረሃ፣ ሐኪምና ትምህርት ቤት ለራቀበት የርቀት አበል ይጨመር። መንግሥት ለሠራተኛው የሚያውቀውን ወግ የግሉ እርሻ የማያውቅበት ምክንያት የለም። ሁለት ቅጥር የሚያወዳድር ሰውም ሰንጠረዡን ትቶ ለቀጣሪው የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ይያዝ። ትርፍ ሰዓት ይከፈለኛል ወይስ «የሥራ መሪ» ተብዬ እቀራለሁ? ጡረታዬ የሚታሰበው በየትኛው ደመወዝ ነው? ቤቱን ብለቅ የቤት አበሉ በብር ይሰጠኛል? ወር ሲያልቅ እጄ ላይ ስንት ይቀራል? ከእነዚህ ውስጥ «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚለው ለአንዱም መልስ አይሆንም።

የከተማ ርካሽነት የከተማው ነዋሪ ሀብት ነው። ገበሬው በርካሽ ያመረተው፣ ጎረቤት በዕድርና በዕቁብ ያቀለለው፣ የሱፐርቫይዘሩ ሚስት ጓሮ ውስጥ ጎመን ተክላ ያተረፈችው ነው። አሠሪው በዚያ ውስጥ አንድ ሳንቲም አላዋጣም። ያላዋጣበትን ቅናሽ ከሰው ደመወዝ ላይ ቆርጦ ወደ ራሱ ሒሳብ የሚያዞርበት መብት ማን ሰጠው? ጽጌረዳዋ በዓለም ዋጋ የምትሸጥ ከሆነ፣ እሷን ለዓለም ገበያ ያበቃ ሰው የሰፈር ዋጋ ሊለጠፍበት አይገባም። ሱፐርቫይዘሩን ለሥራው ክፈሉት፤ የሽንኩርቱን ቅናሽ ለራሱ ተዉለት።